የጴጥሮስ ራእይ

የጴጥሮስ ራእይ በሐዋርያው ጴጥሮስ ስም የተጻፈ ጥንታዊ ክርስቲያናዊ መጽሐፍ ነው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ እንደተደረሰ ይገመታል። ክርስቶስ በደብረ ዘይት ሆኖ ስለ ዳግም ምጽአቱና ስለ ፍርድ ለደቀ መዛሙርቱ ይገልጣል። የኃጥአን ሥቃይ እንደ ኃጢአታቸው ነው፤ ተሳዳቢዎች በምላሳቸው ይሰቀላሉ፣ አራጣ የበሉ በደምና በመግል ረግረግ ይቆማሉ። አንዳንድ ሊቃውንት በውስጡ የተጠቀሰውን ሐሰተኛ መሲሕ ከባር ኮክባ ዓመፅ (ከ132 እስከ 135 እ.ኤ.አ.) ጋር ያያይዙታል፤ ሁሉም ግን አይቀበሉትም።

ቅጂዎች

የግሪክኛው ሙሉ ቅጂ አልተገኘም። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. በግብፅ አኽሚም ከመቃብር የወጣው ብራና ከፊሉን ብቻ ይዟል፤ ገነትንም ከሥቃይ ቦታዎች አስቀድሞ ያሳያል። የተሟላውን ንባብ ያቆየው ግእዝ ነው። ተጓዡ አንትዋን ዳባዲ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ ከሰበሰባቸው፣ ዛሬ ፓሪስ ከሚገኙት ብራናዎች በአንዱ ውስጥ ስለ ክርስቶስ ዳግም ምጽአትና ስለ ሙታን ትንሣኤ በሚተርክ ድርሳን ተካትቶ ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ሲልቫን ግሬቦ በ1910 እ.ኤ.አ. አሳተመው፤ እንግሊዛዊው ሊቅ ጄምስም የጠፋው ራእይ መሆኑን ወዲያው ለየ። ኋላ በጣና ሐይቅ አካባቢ ሌላ የግእዝ ቅጂ ተገኝቷል። የግእዙ ቅደም ተከተል ከአኽሚሙ ይልቅ ለጥንቱ ድርሰት ይቀርባል የሚለው አስተያየት ሚዛን ይደፋል።

የኃጥአን ምሕረት

መጽሐፉ ዘወትር የሚነሣው በሥቃዩ ትርኢት ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ስለ ምሕረት የሚያነሣው ጥያቄ ነው። ጴጥሮስ የኃጥአንን ዕጣ አይቶ ባይፈጠሩ ይሻላቸው ነበር ሲል ጌታ ይገሥጸዋል፤ ከፈጣሪያቸው ይልቅ ለፍጥረቱ የሚራራ እንደሌለ ያስታውሰዋል። ቪየና በሚገኝ አንድ የግሪክኛ ቅጠል ላይ ደግሞ ክርስቶስ ምርጦቹ ከሥቃይ እንዲወጣላቸው የለመኑትን ሁሉ እንደሚሰጣቸውና በአኬሩስያ ሐይቅ ጥምቀት እንደሚያድላቸው ይነገራል። በግእዙ በዚህ ስፍራ ጥምቀቱና መዳኑ ለራሳቸው ለምርጦቹ የተሰጠ ይመስላል፤ ከሥቃይ ስለሚወጡት አይናገርም። ጄምስ በ1931 እ.ኤ.አ. የግሪክኛው ንባብ ጥንታዊው እንደሆነ ተከራክሯል፤ ግእዙ ሐሳቡን ለማለዘብ ሆን ተብሎ ተለውጦ ይሆናል የሚሉም አሉ። የሲቢላ ትንቢቶች ሁለተኛ መጽሐፍ ኃጥአን በምርጦቹ ልመና ከሥቃይ ይወጣሉ የሚለውን ሐሳብ መድገሙ የጄምስን ክርክር ያጠነክረዋል።

ከራእዩ ቀጥሎ ባለው የግእዝ ክፍል ጴጥሮስ ስለ ኃጥአን ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ስለ ምሕረቱም የሚሰማው፣ ሰዎች ተማምነው በኃጢአት እንዳይበረቱ ምሥጢር ሆኖ እንዲጠበቅ ይነገረዋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ዕዝራ ሱቱኤል በተቃራኒው በፍርድ ቀን ማንም ለማንም እንደማይለምን ይናገራል። አውግስጢኖስም ስለ እግዚአብሔር ከተማ በጻፈው ሥራ፣ በ21ኛው መጽሐፍ፣ ቅዱሳን በፍርድ ቀን ለምነው ኃጥአንን ያስምራሉ የሚሉትን ይሞግታል። ይህ ራእይ በቀጥታ በእጁ እንደነበረ ግን ማረጋገጫ የለም።

በቀኖና ያለው ቦታ

የሙራቶሪ ዝርዝር የተባለው ጥንታዊ የቅዱሳት መጻሕፍት መዝገብ ራእዩን ይጠቅሳል፤ አንዳንዶች በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ እንደማይፈልጉም ያመለክታል። የታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜኖስ በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፍልስጥኤም አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በዕለተ ስቅለት ይነበብ እንደነበር ጽፏል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው 81ዱ መጻሕፍት ግን አይቆጠርም።