የብረት ቀለበት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ክረምት ዐሥራ ስድስት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ የጻፈችውን ልብ ወለድ ታሪክ ይዛ መጣችና «አባባ፤ እንደ ተማሪዎችዎ አድርገው ያርሙልኝ» አለችኝ። ቀይ እርሳስ ከያዝኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና ደስ እያለኝ ተቀበልኳት።

ታሪኩ የአንዲት ኢጣልያዊት ሙሽራ ነው። በተጋቡ በጥቂት ወር ባሏ ወታደር ሆኖ አገራችንን ለመውረር ይመጣል፤ ከዚያም መሬት ተሰጥቶት ቢሾፍቱ ይሰፍራል። እርስዋም በ1930 ዓ.ም. በመርከብ ምጽዋ ወርዳ፣ ጣልያኖች ባሠሩት መንገድ በደሴ በኩል በከባድ መኪና አዲስ አበባ ገብታ፣ በእኛው ሰፈር በነፋስ ስልክ በኩል አልፋ ወደ ባሏ ትሄዳለች። (የሰፈራችን ስም የወጣው ከጦርነቱ በፊት እዚህ ከተተከለው ሽቦ አልባ ጣቢያ ነው። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።)

የመጀመሪያውን እርማት ያደረግሁት በሙሽራዪቱ ጣት ላይ ነው። ልጅቱ «የወርቅ ቀለበት» ብላ ጽፋለች፤ እኔ «ወርቅ» የሚለውን ሰርዤ «ብረት» አልሁ። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ኢጣልያ በወራሪነቷ የዓለም መንግሥታት ማኅበር የንግድ ማዕቀብ በጣለባት ጊዜ፣ ሙሶሊኒ የአገሩ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲያበረክቱ ጠየቀ። ይህም የሆነው ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ቀኑ «የእምነት ቀን» ተባለ፤ በቋንቋቸው እምነትና የጋብቻ ቀለበት በአንድ ቃል ይጠራሉና። ንግሥት ኤሌና ቀዳሚ ሆነው ቀለበታቸውን ሰጡ። በሮማ ብቻ ከ200,000 በላይ ቀለበት ተሰበሰበ፤ ለሰጪዎቹም በወርቁ ፈንታ የብረት ቀለበት ታደላቸው። ሳምንት ሳይሞላ የኢጣልያ አይሮፕላኖች በተከዜ ወንዝ አካባቢ ባለው ሠራዊታችን ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። እንግዲህ ይህች ሙሽራ ስለ አገራችን ምንም ሳታውቅ፣ ገና እግሯ ምጽዋን ሳይረግጥ፣ ቀለበቷ ቀድሟት መጥቶ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው እርማት ከባድ ነበር። ልጅቱ ሙሽራዪቱን ቢሾፍቱ አድርሳ «ባዶ ሜዳ ላይ በቆመ አዲስ ቤት» አስገባቻት። በኅዳጉ ላይ «ማን ባዶ አደረገው?» ብዬ ጻፍሁ። በቢሾፍቱና በሆለታ የዘማቾች ማኅበር የሚባለው የኢጣልያ ድርጅት ለወታደሮቹ የእርሻ ቦታ ሲያዘጋጅ፣ መሬቱ አራሽና ባለ ርስት፣ ጎጆና አውድማ ነበረው። በሮማ የታሰበው እጅግ ብዙ ገበሬ ለማስፈር ነበር፤ ሆኖም አርበኛው መንገዱን እየቈረጠ፣ ገንዘቡም እያነሰ፣ እስከ ፍጻሜው ድረስ ቤተሰቡን ይዞ በእርሻ የሰፈረው ጥቂት ነው። ሰፋሪው ጥቂት ቢሆንም መሬቱን የተነጠቀው ሰው «ጥቂት ነው የተነጠቅሁት» አይልም።

ሦስተኛው ግን እርማት ሳይሆን ጉድለት ነው። ባልየው ሦስት ዓመት በዚህ አገር ሲኖር እንጀራውን የጋገረ፣ ልብሱን ያጠበ፣ በታመመ ጊዜ ያስታመመው ማን ነበር? በልጅቱ ታሪክ ውስጥ ይህ ሰው የለም። በእውነተኛው ታሪክ ግን አለች። ጣልያኖች «ማዳማ» ይሏት ነበር። ወዳ የገባች ነበረች፣ ተገድዳ የገባች ነበረች፣ ችግር ያስገባቻትም ነበረች። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ ሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. በወጣ ሕግ፣ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣልያን ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ። ሲዘምቱ ስለ ጥቁሯ ቆንጆ እየዘፈኑ የመጡት እነርሱ ናቸው! ሕጉ በወረቀት ላይ የሚቀጣው ወንዱን ነው፤ ከቤት የምትወጣው ግን ሴቲቱ ናት። በግንቦት 1932 ዓ.ም. ደግሞ ጣልያናዊ አባት ከኢትዮጵያዊት የወለደውን ልጅ እንዳይቀበለው፣ ስሙንም እንዳይሰጠው ተከለከለ፤ ልጁን የማሳደግ ዕዳ በእናትዮዋ ላይ ብቻ ወደቀ።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የአጋርን ታሪክ ስንማር፣ አብርሃም እንጀራና የውሃ አቁማዳ አሸክሞ ከነልጇ እንዳሰናበታት ስንሰማ፣ አልቅሼ ክፍሉ ስቆብኛል። ከእነዚህ ሴቶች መካከል አቁማዳውን እንኳ ያላገኙ ብዙ ነበሩ።

የነጯ ሙሽራ መምጣትም ከዚሁ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። ወንዶቹ ከአገሬው ሴት እንዲርቁ የራሳቸው ሴቶች መምጣት ነበረባቸው። ስለዚህ በኢጣልያ ለወጣት ሴቶች የቅኝ ግዛት ኑሮ ማለማመጃ ትምህርት ተከፈተ፤ የጤና አጠባበቅ፣ የምግብ አሠራር፣ ተኩስም ሳይቀር ይማሩ ነበር። ልጃገረዲቱ ፍቅሬን ልከተል ስትል፣ መንግሥቷ እንደ አጥር እንጨት ይቈጥራት ነበር።

የታሪኩን መጨረሻ ግን አልነካሁትም፤ ልጅቱ መርምራ ጽፋዋለችና። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ከ1934 እስከ 1935 ዓ.ም. ነጭ የተቀቡ ትላልቅ መርከቦች ሴቶችን፣ ሕፃናትን፣ ሽማግሎችንና በሽተኞችን ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ኢጣልያ መለሱ፤ ወደ 28,000 የሚጠጉ ሰዎች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው ተጓዙ። ብዙዎቹ ባሎች በእንግሊዝ እስር ቤት ቀርተው ነበር። የልጅቱ ሙሽራ ልጇን አቅፋ፣ የብረት ቀለበቷን እያዞረች፣ ወደብ ላይ ታለቅሳለች። እኔም ሳነበው አዝኜላታለሁ፤ ማዘኔንም አልደብቅም።

ደብተሩን ስመልስላት ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብላ አነበበች። ከዚያም «አባባ፤ ሁለተኛዋን ሴት ላስገባት። ግን ስሟን ማን ልበላት? በየመጽሐፉ ማዳማ ብቻ ነው የሚለው» አለችኝ።

የእናቴ ታላቅ እህት በ1929 ዓ.ም. የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በቤታችን የጠላት ዘመን ወሬ በተነሣ ቍጥር ሰው ሁሉ ወደ እርስዋ ላለማየት ቡናውን ይመለከት ነበር። ልጇ ቀላ ያለ፣ ዝምተኛ መካኒክ ነበር፤ በአባቱ ስም ቦታ የአያቴን ስም እየጻፈ ኖሮ ሞተ። እኔ አርባ ዓመት ያህል ታሪክ ሳስተምር ስለ እርስዋ ለአንድም ተማሪ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

ስሟን ለልጅቱ ነገርኳት። በየትኛው «ሠ» እንደሚጻፍ ጠይቃኝ፣ ቀዩን እርሳስ ከእጄ ወስዳ ጻፈችው።