ከጎጆ ወደ ካራቫን፦ ትዳር በጠባብ ቤት ውስጥ እንዴት ቆመ?



ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ምናልባት በመርከዝ ክሊታ ውስጥ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ባልና ሚስት ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በምትነጋገሩበት ሰዓት ይሆናል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ዕቃው ገና ከሻንጣ ወጥቶ አላለቀም፤ በሀገር ቤት ሳላችሁ በማያጣላችሁ ትንሽ ነገር አሁን ትጣላላችሁ። «ምን ነካን?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ከሆነ፣ ከእናንተ በፊት ይህንኑ የጠየቁ ብዙ ሺህ ባልና ሚስት እንደነበሩ ልንነግራችሁ እንወዳለን። የእነዚያን ሰዎች ታሪክ ከዚህ በታች እናወጋችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎጆ መውጣት

በአማርኛችን ማግባት «ጎጆ መውጣት» ይባላል። በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን ወይም በላስታ መንደሮች የቤተ እስራኤል ልጅ የሚዳረው ዝምድናው እስከ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ፣ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። አዲሱ ጎጆ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በባል አባት ቤት አጠገብ ነው። ቤቱም ትንሽ ነበር፤ ብዙ ጊዜ አንድ ክብ ክፍል ብቻ ነው። ታዲያ ጥበትን ያወቅነው እዚህ ከመጣን በኋላ አይደለም።

ነገር ግን ያ ቤት ለማደሪያ እንጂ ለመዋያ አልነበረም። ባል እርሻ ላይ ወይም ብረት ሲቀጠቅጥ ይውላል። ሚስት ወንዝ ትወርዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ሸክላ ትሠራለች፣ ገበያ ትሄዳለች። ማታ ሲገናኙ ሁለቱም ከየዋሉበት የሚያወሩት ወሬ ይዘው ይመጣሉ።

ከመንደሩ ዳር ደግሞ የመርገም ጎጆ ነበረ። ሴት በወር አበባዋ ወራት ወደዚያ ትወጣለች። ስትወልድም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 እንደተጻፈው፣ ለወንድ ልጅ 40 ቀን፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ተለይታ ትቆያለች። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ጎጆ በክረምት ይበርድ ነበር፤ ሁሉም ሴት ወድዳው የምትገባበት ቦታ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከወፍጮና ከውሃ መቅዳት የምታርፍበት፣ ከሴቶች ጋር የልቧን የምትጫወትበት፣ ባልና ሚስትም የሚናፈቁበት ጊዜ ነበር።

ጠብ ቢነሳ ሚስት ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች፤ ባል ሽማግሌ ይዞ ይከተላታል። ቄሱ ይመክራል፤ አጎት ይቆጣል። ልብ በሉ፤ ያንን ትዳር ተሸክመው የኖሩት ሁለት ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ሜዳው፣ ወንዙና ዘመዱ አብረው ይሸከሙት ነበር።

ካራቫን የመጣበት ምክንያት

በ1990 ብዙ ሺህ ሰዎቻችን ከየመንደራቸው ተነሥተው አዲስ አበባ ገቡ። በኪራይ ክፍል ተጨናንቀው፣ ያለ እርሻና ያለ ሥራ፣ በወር ድጎማ እየኖሩ ጠበቁ። ከዚያም ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በሰለሞን ዘመቻ፣ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ እስራኤል ገቡ።

ይሁን እንጂ የመጣነው እኛ ብቻ አልነበርንም። በ1990 እና በ1991 ብቻ ከሶቪየት ኅብረት ከ300,000 በላይ ሰው ገብቷል። ሀገሪቱ ለዚህ ሁሉ የሚሆን ቤት አልነበራትም። ብዙዎቻችን መጀመሪያ በሆቴሎችና በመርከዝ ክሊታዎች ተቀመጥን። የቤቶች ሚኒስቴር ደግሞ ካራቫን ማስመጣትና ማቆም ያዘ። ካራቫን ማለት በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በከባድ መኪና ተጎትቶ መጥቶ በተዘጋጀለት ቦታ ላይ የሚቀመጥ ቤት ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ በበጋ ይግላል፣ በክረምት ይበርዳል።

በሁልዳ፣ በአትሊት አጠገብ ባለው በኔቬ ካርሜል፣ በዓኮ አጠገብ ባለው በሐጽሮት ያሳፍ፣ በቤር ሼቫ ጫፍ ባለው በናሐል ቤቃ እነዚህ ቤቶች በረድፍ በረድፍ ቆሙ። በኢየሩሳሌምም በጊቭዓት ሃማቶስ ቆሙ። የቦታው ስም «የአውሮፕላን ኮረብታ» ማለት ነው፤ በ1967 ጦርነት አውሮፕላን ስለወደቀበት እንዲህ ተባለ። ከእነዚህ ሰፈሮች ብዙዎቹ ከከተማ የራቁ ነበሩ። ለሥራም ለገበያም አውቶቡስ መጠበቅ ግድ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ኑሮ በእኛ አልተጀመረም። በ1950 ግንቦት የመጀመሪያዋ ማዕባራ በኢየሩሳሌም ተራሮች በክሳሎን ተቋቁማ ነበር። ከኢራቅ፣ ከሩማንያ፣ ከየመንና ከሌላም ሀገር የመጡ ሰዎች በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ዓመታት አሳልፈዋል። በባግዳድ ባለ ሱቅ የነበረ አባት በማዕባራ የቀን ሥራ ለመለመን ሲሰለፍ በሚስቱና በልጆቹ ፊት ምን እንደተሰማው መገመት ለእኛ አያስቸግርም።

ሁለት ሰው በአንድ ሣጥን

እንግዲህ ትዳሩ ወደ ካራቫን ሲገባ ምን ምን ጎደለው?

መጀመሪያ የጎደለው መዋያ ነው። ባል እርሻ የለውም፤ ሚስት ወንዝ የላትም። ጠዋት ሁለቱም ኡልፓን ይሄዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም እዚያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ናቸው። በሀገር ቤት ቀኑን ሙሉ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች አሁን ዓይን ለዓይን ተፋጠው ይውላሉ።

ቀጥሎ የመርገም ጎጆ ቀረ። ረቢዎቹ ሴት ከቤቷ ሳትወጣ በአልጋ ተለይታ፣ ቀኗ ሲደርስ በሚቅቬ እንድትነጻ አስተማሩ። አንዳንድ እናቶች ግን ልባቸው አልቀበል ስላለ በክፍሉ ጥግ በተለየ ፍራሽና በተለየ ሳህን ለመለየት ሞከሩ። ይህ ጉዳይ በብዙ ቤት ሳይነገር የቆየ ጭንቀት ነበር።

ሦስተኛው የገንዘብ ነገር ነው። ቢቱዋሕ ሌኡሚ የልጆችን አበል፣ ቂጽባት የላዲም የሚባለውን፣ የሚያስገባው በእናት ስም ባለ የባንክ ሒሳብ ነው። በሀገር ቤት እህሉን ከአውድማ ወደ ጎተራ የሚያስገባ አባወራ፣ እዚህ ሚስቱ ወደ ባንክ ስትሄድ ቆሞ ያያል። ለሚስት ግን በእጇ የገባ የመጀመሪያ ገንዘቧ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው።

እኔና ባለቤቴም በዚያ ዘመን ካራቫን ውስጥ ኖረናል። አንድ ቀን ስለዚሁ አበል ደብዳቤ መጣ። ያነበበልን የ9 ዓመት ልጃችን ነው። ልጅ ለአባቱ የገንዘብ ነገር ሲያስረዳ ሰምቼ ደሜ ፈላ። ልጁን መቆጣት ስላልቻልኩ በእናቱ ላይ ጮህኩ። ሦስት ቀን ሳንነጋገር ቆየን። በሀገር ቤት ቢሆን እርሻ ወርጄ አረፍ እል ነበር፤ እዚያ ግን ውሃ ለመጠጣት እንኳ «እለፊኝ» ማለት ያስፈልጋል። በሦስተኛው ሌሊት ከጎናችን ካራቫን የሚኖሩ አንድ አባት በሩን አንኳኩ። «ልጆቼ፣ የእናንተ ዝምታ እኔንም እንቅልፍ ነሣኝ» አሉን።

የእርሳቸው ፍርድ አጭር ነበር። ሰንበት ሲወጣ ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ በአንድ ላይ ቁጠሩ፤ ደብዳቤ ሲመጣም ልጁን ሳይሆን ቢሮ ያለውን አስተርጓሚ ጠይቁ አሉን። እስከ ዛሬ እንዲሁ እናደርጋለን።

«ቤት ይፍጀው» ያልበጀበት ቦታ

አባቶቻችን «ቤት ይፍጀው» ይላሉ። የቤት ገመና አደባባይ እንዳይወጣ ያስተማረን ጥሩ ምክር ነው። ያን ጊዜ ግን ቤት የሚባለው ዘመድንና ሽማግሌንም ይጨምር ነበር። በካራቫን ውስጥ ቤት ማለት ሁለት ሰውና ልጆች ብቻ ሆነ። አማቱ በሌላ ከተማ፣ ወንድሟ በሌላ ሰፈር ተመድበዋል። አንዳንዶቹ ዘመዶች ገና ኢትዮጵያ ነበሩ። ዝም ሲባል ነገሩ ከረረ። በአንዳንድ ቤቶች እጅ ተነሣ፤ ከዚያም የከፋ፣ ሕይወት የጠፋበት ሐዘን ደረሰ። ይህን በመደበቅ ማንንም አንጠቅምም።

በዚያው በ1991 ክኔሴት በቤተሰብ ውስጥ ዓመፅን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ፍርድ ቤት የሚማታውን ወይም የሚያስፈራራውን ሰው ለተወሰነ ጊዜ ከቤት ማስወጣት ይችላል። ብዙዎቻችን ይህን ሕግ የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ባሎች «መንግሥት ቤቴን ቀማኝ» አሉ፤ ሚስቶች «ለማን ልንገር?» አሉ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ሽምግልናን አያውቁም ነበር፤ ሽማግሌዎቻችንም ሕጉን አያውቁም ነበር። ፍቺም እንደ መንደር በሽማግሌ ብቻ አያልቅም፤ በዚህ ሀገር የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ በረባኒ ፍርድ ቤት ሥር ነው፤ ያለ ጌት አንዲት ሴት እንደገና ማግባት አትችልም።

የቆሙት እንዴት ቆሙ?

ብዙ ትዳሮች ግን ከዚያ ሣጥን በሰላም ወጡ። ከ1993 ጀምሮ መንግሥት ለኢትዮጵያ ዖሊም ልዩ ማሽካንታ ሰጠ፤ አብዛኛው ገንዘብ የማይመለስ እርዳታ ነበር። በዚህም አብዛኞቹ ቤተሰቦች እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ካራቫኑን ለቀው ቋሚ ቤት ገቡ። ቤቱ ሲሰፋ ግን ትዳሩ በራሱ የተቃናለት ሰው አላየንም። ቀድመው በጠባቡ ቤት ውስጥ የለመዱት ነገር ነው ይዘውት የሄዱት።

የለመዱትም ቀላል ነገር ነበር። ወንዶቹ ከሰዓት በኋላ ወጥተው ከዛፍ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ ቤቱን ለሴቶቹ ይለቁላቸዋል። ሴቶቹ ቡናውን በየተራ፣ ዛሬ በአንዷ ነገ በሌላዋ ካራቫን ያፈላሉ። በክፍሉ መካከል መጋረጃ ይሰቀላል፤ ባልና ሚስት ከልጆች ዓይን ይጋረዳሉ። የሚያኮርፍ ሰው ዘመዱ ጋ ሄዶ የሚያድርበት ቀን ነበረው። የታመነ ሽማግሌ ሩቅ ቢሆንም በአውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው ይጠሩታል። በሀገር ቤት ሜዳውና ዘመዱ ያለ ልመና ይሰጡ የነበረውን እረፍትና ምክር፣ እነዚህ ሰዎች አስበውና ተስማምተው በእጃቸው ሠሩት።

ውድ አዲስ ገቢዎች፣ ብዙዎቻችሁ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ለዓመታት ጠብቃችሁ ነው የመጣችሁት። የተጣላችሁ ሁሉ ፍቅራችሁ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ምናልባት የጎደለው ሜዳው ይሆናል። ዛሬ ማታ አንድ ነገር ተነጋገሩ፤ እርስዎ አባት፣ በቀን የትኛውን ሰዓት ቤቱን ለእርሷ ይለቃሉ? እርስዎ እናት፣ የትኛውን ሰዓት ልጆቹን ለእርሱ ትተው ጎረቤት ቡና ይጠጣሉ? በሁለታችሁም ዘንድ የሚከበር ሽማግሌስ ማን ነው? ስሙን ጠብ ሳይመጣ በፊት ተስማሙበት።

እጅ የተነሣ እንደሆነ ግን ሽማግሌ አትጠብቁ። በአደጋ ጊዜ ፖሊስ በ100፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ በ118 ይገኛል። ይህን ማድረግ ገመናን ማውጣት አይደለም፤ ነፍስን ማዳን ነው።

በዕብራይስጥ የቤት ሰላም «ሻሎም ባይት» ይባላል። ከካራቫን የወጡት ወላጆቻችሁና ጎረቤቶቻችሁ አሁንም በመካከላችሁ አሉ። ቡና ስትጠጡ ጠይቋቸው፤ ከዚህ ጽሑፍ የበለጠ ይነግሯችኋል።

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።