ብርሃንም ኮረንቲም የሚያሳልፍ መስታወት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ዶሮ ልገዛ ገብቼ የፍሪዘሩን በር ከፈት አድርጌ መለስኩት። መስታወቱ ወዲያው ጉም ለበሰ። ቆሜ አየሁት። ጉሙ እየሳሳ ሄደና ዶሮዎቹ ከነበረዷቸው እንደገና ታዩ። ያበሰው እጅ የለም፤ የሚታይ ሽቦም የለም።

እንዲህ ያለው መስታወት በአንድ ፊቱ ዓይን የማያየው የቲን ኦክሳይድ ልባጥ አለው። ቲን የታሸገ ምግብ ጣሳ እንዳይዝግ የሚለበጥበት ማዕድን ነው። በልባጡ ኮረንቲ ሲሄድ መስታወቱ ለብ ይላል፣ ጉሙም ይተናል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መስታወት በባሕርዩ ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ብረት ደግሞ ኮረንቲ ቢያሳልፍም ብርሃን ይጋርዳል። ሁለቱን ጠባይ ባንድ ልባጥ ላይ ቀድሞ ያገኘው ጀርመናዊው ፊዚሲስት ካርል ቤዴከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ስስ የካድሚየም ልባጥ አየር ባለበት አግሎ ብርሃን እንዲያልፍበት አደረገው፤ ልባጡ ኮረንቲ ማሳለፉን ግን አልተወም። ቤዴከር በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሲጀምር በጦር ሜዳ ወደቀ።

ነገሩን ፋብሪካ ያስገባው ሁለተኛው ጦርነት ነው። ከፍ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖች የፊት መስታወታቸውን በረዶ እየያዘው አብራሪው ፊት ለፊቱን ማየት ይሳነው ነበር። ቶሊዶ፣ ኦሃዮ በሚገኘው በሊቢ-ኦወንስ-ፎርድ የመስታወት ኩባንያ የሚሠራው ሃሮልድ ማክማስተር በ1942 የፓተንት ማመልከቻ ሲያስገባ ዕድሜው 26 ነበር። መስታወቱ በደንብ ይግላል፤ ከዚያ የቲን ክሎራይድ ብናኝ ይረጭበታል። ብናኙ ግለቱ ላይ ሲያርፍ ወደ ኦክሳይድ ተለውጦ ከመስታወቱ ጋር አንድ አካል ይሆናል፤ ውፍረቱ ከጠጉር ከመቶ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ፓተንቱ በ1947 ተሰጠው፤ ቁጥሩ 2,429,420 ነው። የፓተንቱ ጽሕፈት ቤት ዛሬ ያለው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። ስንቱ ታክሲ ነጂ ወገናችን ደጁ ላይ ሰው አውርዶ አልፏል!

ጎረቤታችን ሮክቪልም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች፤ እዚህ አካባቢ ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ለልጁ ሊነግረው ይገባል እላለሁ። በ1973 ትውልደ ሃንጋሪ የሆኑት ጆሴፍ ሊንድማየርና ፒተር ቫራዲ ሶላሬክስ የተባለውን የሶላር ኩባንያ እዚያ መሠረቱ። መጀመሪያ የሚሠሩት በሲሊከን ገበታ ነበር፤ የሚመነጨውን ኮረንቲ የሚሰበስበውም ፊቱ ላይ የተዘረጋ ቀጭን የብረት መስመር ነው። በኋላ ኩባንያው ቶአኖ፣ ቨርጂኒያ ላይ ስስ ሶላር የሚያመርት ፋብሪካ ከፈተ። በስስ ሶላር ብርሃን የሚገባውም ኮረንቲ የሚወጣውም በዚያው በተለበጠው መስታወት በኩል ነው። ማክማስተር ራሱም በስተርጅና ወደ ሶላር ገባ፤ የጀመረው ሥራ በ1999 ፈርስት ሶላር ሆነ።

እንዲህ ያለውን መስታወት በእጃቸው የሚይዙ ሰዎች የትኛው ፊት እንደተለበጠ በዓይን መለየት ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ሁለት ጫፎች ያስነኩታል። ባዶው ፊት ዝም ይላል። ገልበጥ ሲያደርጉት ቁጥር ይመጣል።