እንቁጣጣሽ በሲንጀር

ጳጉሜን ሲገባ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደራ፣ በልብስ ሰፊዎች በረንዳ ያለፈ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ ትክትክትክ፣ ጥቂት ዝምታ፣ ደግሞ ትክትክትክ። ለዘመን መለወጫ የሚደርስ ቀሚስ እየተጠለፈ ነው። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ከደብተራቸው ወረቀት እየገነጠሉ ፀሐይ፣ አበባና መልአክ ይስላሉ። ሁለቱ ሥራ አንድ ካርድ ላይ ቢገናኝስ? አልን እኛ። ምክንያት ነበረን። ሴት አያታችን ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በስልክ የምንልክላቸው «መልካም አዲስ ዓመት» የሚደርሳቸው የጎረቤት ልጅ ካነበበላቸው ብቻ ነው። ክር ግን በጣት ይነበባል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት (ጋዜጠኝነት ተምረን የለ!) ታሪኩን አገላበጥን። ፈረንጆቹ የመጀመሪያው የገና ካርድ የሚሉት እ.ኤ.አ. በ1843 ሄንሪ ኮል ለንደን ላይ ያሳተመውን ነው፤ ሥዕሉ የጆን ሆርስሊ፣ ዋጋው አንድ ሽልንግ። ጥልፍ ያለው ካርድ የነገሠው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1914–1918) ነው። ፈረንሳይ የዘመቱ የእንግሊዝ ወታደሮች ለእናትና ለፍቅረኛ በሐር ክር የተጠለፈ ፖስትካርድ ይልኩ ነበር፤ አንዳንዱ እንደ ኪስ ሲከፈት ከውስጡ ሌላ ትንሽ ካርድ ይወጣል። «የፈረንሳይ ሴቶች ቤታቸው ተቀምጠው በእጃቸው የጠለፉት» ሲባል ኖረ። ቀረብ ብለው የመረመሩት ግን አብዛኛው የመኪና ሥራ መሆኑን ደረሱበት፤ አንዱ አበባ በረጅም ጨርቅ ላይ ተደጋግሞ ተጠልፎ፣ ተቆርጦ፣ ካርቶን ላይ የተለጠፈ።

የእኛስ? አፄ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙ፤ በ1901 ዓ.ም. አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረትን ተቀላቀለች። የታተመ የበዓል ፖስትካርድም የከተማ ሰው ልማድ ሆነ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የነበረው የሞባይል አጭር መልእክት በ2000 ዓ.ም. መባቻ ሲከፈት ግን ካርዱ ብርቱ ተፎካካሪ መጣበት፤ ከዚያ ፌስቡክ፣ ከዚያ ቴሌግራም። ለእኛ ግን የዚህ አገር እውነተኛ ካርድ ያ የታተመው አይደለም፤ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ሰጥተው ሳንቲም የሚቀበሉበት ሥዕል ነው። አሁን አሁን እሱም ፎቶ ኮፒ ሆኖ ሲመጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንናደዳለን።

ታዲያ የሲንጀር ጥልፍ የእጅ ሥራ ነው ወይ? ደራ ላይ ባየነው፣ ነው። ሰፊው የመኪናውን እግር ያወልቃል፤ ጨርቁን በሁለት የእንጨት ቀለበት መሃል ይወጥራል፤ ከታች እግሩ ሲረግጥ ከላይ ሁለት እጁ ጨርቁን እያዟዟረ አበባውን ይስላል። መርፌው የሚያውቀው መውጣትና መውረድ ብቻ ነው። ቅጠሉ ወዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቀው እጅ ነው።

የመጀመሪያውን በቀጥታ ወፍራም ወረቀት ላይ አስጠለፍን። መርፌው አጠገብ ለአጠገብ ሲበሳው አበባው እንደ ቴምብር ዙሪያውን ተቀዶ እጃችን ላይ ቀረ። ሰፊው ሳቀብን። ከዚያ ወደ ፈረንሳዮቹ ዘዴ ዞርን፤ ነጭ አቡጀዲ ላይ ቢጫ አደይ አስጠልፈን፣ ካርቶን ላይ መስኮት ቀድደን ከኋላ ለጠፍነው።

አያታችን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «አደይ ናት» አሉ ወዲያው። ደስ ብሎን «በእጅ የተሠራ ነው እኮ!» አልናቸው። ካርዱን ከፍተው የጥልፉን ጀርባ ነካኩና «የመኪና ነው፤ የእጅ ቢሆን እዚህ ጋ ቋጠሮ ይኖረው ነበር» አሉን።