የጫማ ነጋዴዎች ቋሚ ደንበኛ የሚያፈሩባቸው አሠራሮችና የሸማቹ መብት

ሸሚዝ ጥቂት ቢሰፋ ይለበሳል፤ የጠበበ ጫማ ግን ከቤት እስከ ታክሲ ተራ እንኳ አያደርስም። በመሆኑም በጫማ ንግድ ቋሚ ደንበኛ የሚገኘው ከመደርደሪያው ውበት ይልቅ ሸማቹ ጫማውን ሲለካ በሚደረግለት እገዛና ከሽያጭ በኋላ ቅሬታው በሚስተናገድበት መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ ለቸርቻሪ ጫማ ነጋዴዎችና ለሸማቾች መረጃ ለመስጠት ተዘጋጅቷል።

በተለምዶ በምንጠቀምበት የአውሮፓ መለኪያ በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት 7 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የአንዱ ፋብሪካ 40 ቁጥርም ከሌላው 40 ቁጥር ጋር ሁልጊዜ እኩል አይሆንም። በዚህ ላይ የብዙ ሰው ሁለት እግሮች በመጠን ጥቂት ይለያያሉ፤ እግር ከሰዓት በኋላም ያብጣል። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ ስለዚህ ደንበኛው ሁለቱንም ጫማዎች አድርጎ፣ ቆሞና ተራምዶ እንዲለካ ያደርጋል፤ ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መኖሩንም ያረጋግጣል። «ሲደረግ ይለቃል» የሚለው የተለመደ ማግባቢያ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ቆዳ በጎኑ ይለቃል እንጂ በርዝመቱ አይጨምርም፤ ሰው ሠራሽ ቆዳ ደግሞ በጎኑም ቢሆን እምብዛም አይለቅም። በዚህ ቃል የተሸጠ ጫማ የዕለቱን ገቢ ያስገኛል፤ ገዢው ግን ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

ማስታወቂያን በተመለከተ፣ በርካታ ነጋዴዎች በቴሌግራምና በፌስቡክ የጫማ ፎቶግራፍ ለጥፈው «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ልማድ ሸማቹ «እንደ ሰው ዓይቶ ነው የሚጠራው» ብሎ እንዲጠረጥር ያደርጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ እንዲያመለክት ያስገድዳል፤ ይኸው ግልጽነት በገጹም ላይ ሲታይ እምነት ያተርፋል። ሰው ሠራሹን «ንጹሕ ቆዳ» ብሎ ማስተዋወቅ ግን አሳሳች በመሆኑ በሕግ ያስጠይቃል።

የደንበኝነት ዋናው ፈተና ጫማው ተመልሶ ሲመጣ ነው። በአዋጁ መሠረት ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ የገዛ ሸማች፣ ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ በግድግዳ ላይ መለጠፉ ይህን መብት አያስቀረውም። ሆኖም የተማሪ ጫማን እንመልከት። ወላጅ ነሐሴ 25 ቀን የገዛው ጫማ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ተቀምጦ ይቆያል፤ ልጁ ጫማውን አድርጎ ማስቲሹ ሲለቅና ሶሉ ሲላቀቅ ቀኑ አልፏል። አስተዋይ ነጋዴ እዚህ ላይ ቀን ቆጥሮ ከመከራከር ይልቅ ቀኑን ልጁ ጫማውን ካደረገበት ጊዜ ቢጀምር፣ ወይም በራሱ ወጪ በጫማ ሰፊ ቢያስጠግን፣ ወላጁ በቀጣዩ ዓመት ከታናናሾቹ ጋር ይመጣል። በወላጆች በኩልም ጫማውን እንደተገዛ ለሁለትና ሦስት ቀናት በቤት ውስጥ ማስሞከር ጠቃሚ ነው።

ቁጥር ተሳስቶ መግዛት ከዕቃ ጉድለት የተለየ ነው። ሶሉ ያልቆሸሸውን ጫማ በሌላ ቁጥር መለወጥ በነጋዴው በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ሁኔታውን ከክፍያ በፊት መነጋገር፣ ቢቻልም በደረሰኙ ጀርባ ማስፈር ይመረጣል።

ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፤ መያዝ ደግሞ የሸማቹ ድርሻ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለ ከሆነ የክፍያ መልእክቱ እንዳይጠፋ ማድረግ ይረዳል፤ ይሁንና ደረሰኙን አይተካም። ቅሬታ ያለው ሸማች አስቀድሞ ሻጩን ያነጋግራል፤ መፍትሔ ካላገኘ ደረሰኙንና ጫማውን ይዞ ሱቁ ወደሚገኝበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይችላል።