እበት የገባበት ኩሬ፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ

ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በአማራ ክልል በዘመቻ የተያዘ አንድ ሥራ ነበር፤ የኩሬ ቁፋሮ። ድርቅ የሚመላለስባቸው የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች፣ ሁለቱ ጋይንቶች፣ ስማዳና እስቴ፣ ከዘመቻው ውጭ አልነበሩም። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የክረምቱን ጎርፍ በየጓሮው አቁሮ በበጋ ማጠጣት። ሥራው ግን በኮታ ሆነ። የተቆፈረው ተቆጠረ እንጂ ውሃ የያዘው አልተቆጠረም። ብዙው ኩሬ ውሃው ሰረገ፤ የተነጠፈው ፕላስቲክ ተቀደደ፤ አጥር ያልነበረው ለሕፃናት አደጋ፣ ለትንኝ መራቢያ ሆነ። ውሃ የያዘው ጥቂቱ ደግሞ ለሁሉም ነገር ዋለ፤ ለሽንኩርቱም፣ ለላሟም፣ ሲቸግር ለእንስራውም።

የዓሣ ሐሳብ የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። ውሃው ካለ ቆሮሶ ይጨመርበት፤ መኖ ከመግዛት ደግሞ ፍግ ይግባበት። ዶሮን ከዓሣ ያጣመረ እርባታ በአገራችንም ተሞክሯል። ለጋይንት ሰው ግን ነገሩ እንግዳ ነው። ደኑ በተመናመነበት ደጋ እበት ማለት ኩበት ነው፤ ተጠፍጥፎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ምድጃ ይገባል። ማሳው እንኳ የሚያገኘው ከምድጃ የተረፈውን ነው። ፀሐይና እሳት ሲጨርሱት የኖሩትን ነገር እርጥቡን ውሃ ውስጥ መጨመር ሌላ ሂሳብ ይጠይቃል።

ሂሳቡን ሌሎች ቀደም ብለው ሠርተውታል። ቻይናዎች በፍግ በዳበረ ኩሬ ካርፕ ማርባት የጀመሩት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ሙኒክ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማዋን ፍሳሽ በዓሣ ኩሬዎች ስታጣራ ኖራለች። ከካልካታ በስተ ምሥራቅ ያለው ረግረግም በከተማው ፍሳሽ ዓሣ ያመርታል። ፍጉ በዋነኛነት የሚመግበው አልጌንና ሌሎች ጥቃቅን ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ነው፤ ዓሣው እነሱን ይበላል። ያው አልጌ ቀን ቀን የውሃውን አሲድነት ይቀንሳል፣ ኦክስጅን ይጨምራል፤ ከፀሐይ ጨረር ጋር ሆኖም ከአንጀት የመጡ ባክቴሪያዎችን ይገድላል።

ይገድላል እንጂ ወዲያው አይገድልም። ፊቸምና ባልደረቦቹ በ1983 እ.ኤ.አ. ለዓለም ባንክ ያዘጋጁት ሥራ፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ የሳልሞኔላን ዕድሜ ከ60 ቀን በታች፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ30 ቀን በታች ያደርገዋል። ሳልሞኔላ ከዶሮ ኩስም ከከብት እበትም ሊመጣ ይችላል። ነፋስ መውጫ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ውሃው በቀዘቀዘ መጠን ባክቴሪያው ይሰነብታል። ታች ጭቃው ውስጥ ደግሞ ከፀሐይ ተሸሽጎ የበለጠ ይቆያል፤ ከብት ሲገባ ወይም መረብ ሲጎተት አብሮ ይነሣል።

ዓሣው በዚህ አይታመምም። ባክቴሪያውን በአንጀቱ፣ በስንጥቡና በቆዳው ይዞ ይዞራል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች፣ የውሃው ብክለት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ባክቴሪያው ወደ ሥጋውም እንደሚዘልቅ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1989 እ.ኤ.አ. በኩሬው ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ከ1,000 በላይ የዓይነ ምድር ባክቴሪያ እንዳይገኝ መክሯል። ከልኩ በታችም ቢሆን ቢላዋው አለ፤ ሆድ ዕቃውን የቀደደው ቢላዋ ሳይታጠብ ሥጋውን ይቆርጣል። በደንብ የበሰለ ዓሣ ግን ብዙም አያሰጋም።

ስለዚህ ከሳህኑ ይልቅ የሚያስፈራው ጀሪካኑ ነው። የሙኒክ ኩሬ የዓሣ ብቻ ነው። የጋይንት ኩሬ ግን የዓሣም፣ የከብትም፣ የልብስም፣ የጎመንም ነው። ጎመን የሚያጠጣው ውሃ ጥሬ የሚበላ ሰላጣ ላይም ይደርሳል። ፍጉን ዓሣው ከመውጣቱ ከሳምንታት በፊት ማቋረጥ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ዓሣ በላተኛውን ይጠብቃል፣ በየቀኑ ውሃ የሚቀዳውን ሰው ግን አይጠብቅም።

ቆሮሶ ሙቅ ውሃ ይወዳል። የሚያዋጣው እንግዲህ ደጋው ላይ ሳይሆን ወደ በሽሎ በሚወርደው የስማዳና የታች ጋይንት ቆላ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ማግኘት የሚከብደውም እዚያው። እዚያ ፍግ ከመጨመሩ በፊት ለመጠጥ የሚሆን ሌላ፣ የተከለለ ውሃ መኖር አለበት። በዘመቻው ጊዜ ለአንድ አባወራ የታሰበው ግን አንድ ኩሬ ነበር።