በሊኑክስ ኮምፒዩተር ውስጥ የድምፅ መንገድ ታሪክ፤ ከ1992 እስከ 2023

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ አንድን መሣሪያ በሚገባ ለማወቅ አመጣጡን መመርመር ያስፈልጋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፥ ሊኑክስ በሚባለውና ምንጩ ለሁሉ ክፍት በሆነው የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ ድምፅ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም፥ ከፕሮግራምም ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄድበት መንገድ እንዴት እንደ ተሠራና እንዴት እንደ ተለዋወጠ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ጉዳዩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዱ ሙዚቃ ያሰማል፥ ሌላው በሩቅ ካለ ሰው ጋር ያነጋግራል፥ ሦስተኛው ድምፅ ይቀዳል። ድምፅ ማጉያው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። እንግዲህ የዚህን አንድ በር ቁልፍ ማን ይያዝ? የሠላሳው ዓመት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት መልሶች ታሪክ ነው።

1. አንድ በር፥ አንድ ገቢ

ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል፥ ማለት የሥርዓቱን አስኳል፥ በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ አወጣ። በሚከተለው ዓመት ሌላው የፊንላንድ ሰው ሃኑ ሳቮላይነን፥ ሳውንድ ብላስተር የሚባለውን የድምፅ ካርድ የሚያንቀሳቅስ ድራይቨር ጻፈ። ይህ ሥራ እየሰፋ ሄዶ ኦፕን ሳውንድ ሲስተም፥ ባጭሩ ኦኤስኤስ፥ ተባለ። አሠራሩ የዩኒክስን ልማድ የተከተለ ነበር። ካርዱ እንደ አንድ ፋይል ይታያል፤ ድምፅ ማሰማት የሚፈልግ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ ይጽፍበታል፤ መቅዳት የሚፈልግም ያነብበታል። ለፕሮግራም ጸሐፊ ከዚህ የቀለለ ነገር አይገኝም። ጉድለቱ ግን ከዚሁ ከቅለቱ የመጣ ነው። ካርዱ ራሱ ድምፆችን የማደባለቅ ችሎታ ከሌለው፥ ፋይሉን ቀድሞ የከፈተው ፕሮግራም ብቻውን ይይዘዋል፤ ሁለተኛው መጥቶ ቢያንኳኳ «ተይዟል» ተብሎ ይመለሳል።

በ1998 ቼካዊው ያሮስላቭ ኪሴላ አልሳ የተባለውን አዲስ የድራይቨሮች ሥርዓት ጀመረ። አልሳ በ2002 በእድገት ላይ ወደ ነበረው ከርነል ገባ፤ በታኅሣሥ 2003 በወጣው በ2.6ኛው ከርነልም የኦኤስኤስን ቦታ ወረሰ። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ አልሳ ለኦኤስኤስ የተጻፉትን አሮጌ ፕሮግራሞች አልጣላቸውም፤ አሮጌውን ፋይል አስመስሎ አቀረበላቸው። ዲሚክስ በሚባለው ክፍሉም የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ ያደባልቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ በመጀመሪያ ጊዜ ተጠቃሚው በገዛ እጁ የማዋቀሪያ ፋይል መጻፍ ነበረበት።

2. የበረኞች ዘመን

የአንዱን በር ችግር ለማቃለል ሌላ ዘዴም ተፈልጎ ነበር። ይኸውም ካርዱን አንድ በረኛ ፕሮግራም ይያዘው፤ ሌሎቹ ድምፃቸውን ለእርሱ ይስጡ፤ እርሱም ደባልቆ ያስተላልፍ የሚል ነው። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በረኞቹ ሁለት ሆኑ። ግኖም በሚባለው የገጽታ ሥርዓት ኢኤስዲ፥ ኬዲኢ በሚባለው ደግሞ ሽቴፋን ቬስተርፌልድ የጻፈው አርትስ ተሾሙ። ስለዚህ አንደኛው በረኛ ካርዱን ሲይዝ፥ ለሌላው የሚታዘዙት ፕሮግራሞች ድምፅ አልባ ሆነው ይቀሩ ነበር። ጠቡ ከፕሮግራሞች ወደ በረኞች ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

3. የሙዚቀኞች መንገድ

ሙዚቃ ለሚቀዱ ሰዎች ችግሩ ከዚህ የከፋ ነበር። ድምፅ በቁጥር ተለውጦ ሲጓዝ በቋት እየተጠራቀመ ያልፋል። በሴኮንድ 48000 ናሙና በሚወሰድበት ጊዜ፥ የ1024 ናሙና ቋት 21 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ያዘገያል፤ የ64 ናሙና ቋት ግን ከ1 ሚሊ ሴኮንድ ተኩል አይበልጥም። ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው መዘግየቱ አይታወቀውም፤ መሣሪያ እየመታ የራሱን ድምፅ በማዳመጫ ለሚሰማ ሰው ግን ሥራውን ያበላሽበታል።

አርዶር የተባለውን የመቅጃ ፕሮግራም የሚጽፈው ፖል ዴቪስ፥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጃክን ያዘጋጀው ስለዚህ ነው። በጃክ ዘንድ ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ምት አብረው ይሠራሉ፤ እያንዳንዱም መግቢያና መውጫ አለው። ተጠቃሚው የአንዱን መውጫ ከሌላው መግቢያ ጋር እንደ ሽቦ ያገናኛል። የድምፅ መንገድ በተጠቃሚው ፈቃድ የሚዘረጋ ነገር መሆኑ በጉልህ የታየው በዚህ ነው። ዋጋው ግን ፕሮግራሙ ለጃክ ተብሎ መጻፍ ያለበት መሆኑ ነበር፤ ተራው ተጠቃሚ የሚጠቀምባቸው አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ደግሞ እንዲህ አልነበሩም።

4. የተነቀፈው ባለውለታ

ጀርመናዊው ሌናርት ፖተሪንግ በ2004 አንድ አዲስ በረኛ አወጣ፤ ይህም በ2006 ፐልስኦዲዮ የሚለውን ስም አገኘ። በኅዳር 2007 ፌዶራ 8፥ በሚያዝያ 2008 ደግሞ ኡቡንቱ 8.04 የዘወትር መሣሪያቸው አደረጉት። ፐልስኦዲዮ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ ለማድረግ፥ የሚሰማውንም ድምፅ ሳያቋርጡ ከማጉያ ወደ ማዳመጫ ለማዛወር አስቻለ። ሐሰተኛ ማጉያ ፈጥሮም የአንድን ፕሮግራም ድምፅ ወደ መቅጃ ለመምራት መንገድ ሰጠ።

ሆኖም የተቀበለው ምስጋና ሳይሆን ነቀፌታ ነው። ድምፅ ይቆራረጣል፥ ይጠፋል ተብሎ ተከሰሰ። ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ ይህን ዘመን እንደ ውድቀት ይቈጥሩታል። ይህ ፍርድ ግን ግማሹን ብቻ ያየ ይመስለኛል። ፐልስኦዲዮ ካርዱ በየጊዜው እስኪቀሰቅሰው ከመጠበቅ ይልቅ፥ በኮምፒዩተሩ ሰዓት እየተመራ ቋቱን ይሞላ ጀመር። ይህ እንዲሳካ ድራይቨሩ ድምፁ ከቋቱ ውስጥ የት እንደ ደረሰ በትክክል መናገር አለበት። ብዙ ድራይቨሮች ግን በዚህ ረገድ የተሳሳተ መልስ ይሰጡ ነበር፤ ቀድሞ አጥብቆ የሚጠይቃቸው ስላልነበረ ጉድለታቸው ተሸፍኖ ኖሯል። ስለዚህ ከቅሬታው ከፊሉ የፐልስኦዲዮ ጥፋት ሳይሆን ፐልስኦዲዮ የገለጠው አሮጌ ጥፋት ነበር። ድራይቨሮቹ ቀስ በቀስ ሲታረሙ የተጠቀሙት በኋላ የመጡት ናቸው።

5. ሁሉን ቋንቋ የሚሰማው

ጂስትሪመርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ዊም ታይማንስ በ2015 የጀመረው ሥራ መጀመሪያ ለድምፅ የታሰበ አልነበረም፤ የካሜራና የመስኮት ሥዕልን ፕሮግራሞች እንዲካፈሉ ለማድረግ ነበር። በ2017 ፓይፕዋየር በሚል ስም ተዋወቀ፤ ኋላም ድምፅን ጨመረ። በሚያዝያ 2021 ፌዶራ 34፥ በጥቅምት 2022 ኡቡንቱ 22.10 ተቀበሉት፤ 1.0 የተባለው ዕትም በኅዳር 2023 ወጣ።

ፓይፕዋየር የጃክን አሠራር፥ ማለት መግቢያና መውጫን እንደ ሽቦ ማገናኘትን፥ ለሁሉ ፕሮግራም አደረሰው። ለአልሳ፥ ለፐልስኦዲዮና ለጃክ የተጻፉት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በለመዱት ቋንቋ ያናግሩታል። የቋቱም መጠን እንደ ጠያቂው ይለወጣል፤ አንድ ሙዚቀኛ አነስተኛ መዘግየት ሲጠይቅ ቋቱ ያንሳል። ዛሬ በኮምፒዩተሩ ንግግር የሚከታተል ተማሪ የንግግሩን መውጫ ከማጉያውም ከመቅጃውም ጋር ማገናኘት ይችላል፤ ኪውፒደብልዩግራፍ በሚባለው ፕሮግራም ሽቦው በዐይን ይታያል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ፓይፕዋየር የተሳካለት ብልሃቱ ስለ በለጠ ብቻ አይደለም፤ ማንም ፕሮግራሙን እንደገና እንዲጽፍ ስላላስገደደ ጭምር ነው። ጃክ ከእርሱ ብዙ ዓመት ቀድሞ መልካም መንገድ አሳይቶ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉ ወደ እርሱ እንዲመጣ ጠየቀ። ፓይፕዋየር ወደ ሁሉ ሄደ።

ሁለተኛ፥ በዚህ ሥርዓት አዲሱ አሮጌውን አፍርሶ ሳይሆን በላዩ ላይ ቆሞ ይሠራል። ከፓይፕዋየር ሥር የአልሳ ድራይቨሮች ዛሬም አሉ፤ ከላዩም የፐልስኦዲዮ ቋንቋ ይነገራል። ስለዚህ ድምፅ ሲጠፋበት መላ የሚፈልግ ሰው ከታች ወደ ላይ ቢመረምር ይበጀዋል፤ መጀመሪያ አልሳ ካርዱን ያውቀዋል ወይ? ቀጥሎ በረኛው ሥራ ላይ ነው ወይ? በመጨረሻም መውጫው ከተፈለገው መግቢያ ጋር ተገናኝቷል ወይ? የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል የታሪኩ ቅደም ተከተል ነው፤ ታሪኩን ያወቀም ጉድለቱን የት እንደሚፈልግ አያጣም።